የሰሜን ባሕሮች ካርታና ስደተኛው ሊቀ ጳጳስ፦ ኦላውስ ማግኑስ (1490–1557)

በ1539 በቬኒስ ከተማ አንድ ትልቅ ካርታ ታተመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካርታው በዘጠኝ የእንጨት ሳንቃዎች ላይ ተቀርጾ በዘጠኝ ሉሆች የተባዛ ሲሆን፣ ሉሆቹ ሲገጣጠሙ 1.70 ሜትር ያህል ስፋትና 1.25 ሜትር ያህል ቁመት ይኖረዋል። በስተ ምዕራብ ከአይስላንድና ከግሪንላንድ ጫፍ፣ በስተ ምሥራቅ እስከ ፊንላንድና ሩስያ፣ በስተ ደቡብም ከጀርመን ሰሜናዊ ጠረፍ እስከ በረዷማው ውቅያኖስ የሚዘልቀውን ምድርና ባሕር ያሳያል። በካርታ ጥናት ዘንድ «ካርታ ማሪና»፣ ማለትም የባሕር ካርታ፣ በሚለው የላቲን ስሙ ይታወቃል።

ስለዚህ ካርታ የሚጻፈው በአብዛኛው በሁለት ነገሮች ላይ ያተኩራል። አንደኛው ትክክለኛነቱ ነው፤ ከእርሱ በፊት የስካንዲኔቪያን ምድር ይህን ያህል በዝርዝር ያሳየ የታተመ ካርታ አልነበረም። ሁለተኛው በባሕሩ ላይ የተሳሉት አስፈሪ አውሬዎች ናቸው። ሁለቱም ትኩረቶች ተገቢ ቢሆኑም ካርታውን ከሠሪው ሕይወት ነጥለው ስለሚያዩት አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይዘነጋሉ። የመርከብ አዛዥ ያልነበረ፣ በሥነ ፈለክ ሊቅነትም ስም ያላተረፈ አንድ ካህን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ላይ ለምን ተጠመደ? የሕይወት ታሪኩ እንደሚያስረዳው ካርታው የመርከበኛ መሣሪያ ከመሆኑ ይልቅ አገሩን ያጣ ሰው ለሮም ያቀረበው አቤቱታ ነው።

ከሊንሾፒንግ እስከ ቶርኔዮ

ኦላውስ በጥቅምት ወር 1490 በስዊድን በሊንሾፒንግ ከተማ ተወለደ። በአገሩ ቋንቋ የሚጠራው ኡሎፍ ሞንሶን ተብሎ ነበር፤ ይህም ኡሎፍ የሞንስ ልጅ ማለት ነው። ሞንስ የማግኑስ አጭር አጠራር በመሆኑ፣ ኦላውስና በሁለት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ዮሐንስ በላቲን ሲጽፉ ማግኑስ የሚለውን ስም ያዙ። ቃሉ በላቲን «ታላቅ» ማለት ስለሆነ አንዳንድ አንባቢዎች የክብር ቅጽል አድርገው ይወስዱታል፤ ሆኖም እንደ ኢትዮጵያውያን ልማድ የአባት ስም ከመሆን አያልፍም።

የከተማ ነዋሪ ቤተሰብ ልጆች የሆኑት ሁለቱ ወንድማማቾች የዘመኑን የቤተ ክህነት ትምህርት በውጭ አገር ተከታተሉ። ኦላውስ ከ1510 ጀምሮ ለሰባት ዓመታት ያህል በጀርመን ሲቆይ ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ሮስቶክ ነበር። ዮሐንስ ደግሞ በሉቨን ተማረ፤ በዚያ ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ በኋላ ፓፓ አድሪያን ስድስተኛ የተባለው ሰው ነው። ይህ ትውውቅ በቀጣዮቹ ዓመታት የሁለቱንም ወንድማማቾች ዕጣ የሚወስን ሆነ።

ለካርታው መሠረት የሆነው ጉዞ የተደረገው በ1518 እና በ1519 ነው። አርቺምቦልዲ የተባለው የፓፓው ልዩ መልእክተኛ ለሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ግንባታ ገንዘብ ለማሰባሰብ የኃጢአት ስርየት ደብዳቤ በስካንዲኔቪያ ያሰራጭ ነበር። ኦላውስ የእርሱ እንደራሴ ሆኖ ወደ ሰሜን ተላከ። የኖርዌይንና የስዊድንን ሰሜናዊ አውራጃዎች አቋርጦ ዛሬ ስዊድንንና ፊንላንድን እስከሚያዋስነው የቶርኔዮ ወንዝ ዘለቀ፤ ከዚያም ከአርክቲክ ክበብ በጥቂቱ ወደ ሰሜን እስከምትገኘው ፔሎ ደረሰ። በዘመኑ ከነበሩት የላቲን ጸሐፍት መካከል ይህን ምድር በእግሩ የረገጠ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በበጋ ሌሊት የማትጠልቀውን ፀሐይ፣ ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን የሚያረቡትን የሳሚ ሕዝቦች፣ ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበትን የቶርኔዮ ገበያ አየ። ይህ የስርየት ደብዳቤ ሽያጭ በ1517 በጀርመን ማርቲን ሉተርን ለተቃውሞ ያነሣሣው ያው ዘመቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ኦላውስ የሰሜንን ምድር እንዲያውቅ ምክንያት የሆነው ነገር፣ ውሎ አድሮ ከዚያ ምድር ላስወጣው ማዕበልም ምክንያት ነበር።

ከስቶክሆልም ወደ ዳንሲግ

በ1520 ኦላውስ በስቶክሆልም በክህነት ያገለግል ነበር። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን ዳግማዊ ስዊድንን በኃይል ከያዘ በኋላ፣ ዘውድ በጫነ በቀናት ውስጥ ጳጳሳትን፣ መኳንንትንና የከተማ ሹማምንትን ሰብስቦ በአደባባይ አሳረዳቸው። ከሰማንያ የማያንሱ ሰዎች የሞቱበት ይህ ድርጊት የስቶክሆልም እልቂት ይባላል። ኦላውስ የእልቂቱ የዓይን ምስክር ነበር።

እልቂቱ ያስነሣው ዐመፅ በ1523 ጉስታቭ ቫሳን በዙፋን ላይ አስቀመጠ። አዲሱ ንጉሥ ለማግኑስ ወንድማማቾች በመጀመሪያ ወዳጅ ነበር። ዮሐንስ ለኡፕሳላ ሊቀ ጳጳስነት ተመረጠ፤ ኦላውስም የሹመቱን ጉዳይ ለማስፈጸም በዚያው ዓመት ወደ ሮም ተላከ፤ ከዚያም በሉቤክና በኔዘርላንድ የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ ሠራ። ነገር ግን ጉስታቭ ቫሳ የጦርነት ዕዳ ነበረበት፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሬትና ሀብት ደግሞ ብዙ ነበር። በ1527 በቬስቴሮስ የተካሄደው የመንግሥት ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኒቱን ንብረት ለዘውዱ ሲያስተላልፍ ለሉተራዊው ስብከትም በሩን ከፈተ። ዮሐንስ ከአንድ ዓመት በፊት በመልእክተኛነት ስም ወደ ፖላንድ ሄዶ ስለነበር አልተመለሰም። ኦላውስም ወንድሙን መረጠ። በ1530 በስዊድን የነበረው ንብረቱ ተወረሰ።

ወንድማማቾቹ በስደት የተቀመጡት ዛሬ ግዳንስክ በምትባለው ዳንሲግ ነው። ከተማዋ በፖላንድ ንጉሥ ሥር ያለች የሐንሳ ማኅበር ወደብ ስትሆን፣ ከባልቲክና ከሰሜን ባሕር የሚመጡ መርከቦች ሁሉ የሚነኩባት ነበረች። ለስደተኛ ካህን ይህ ምናልባት ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ካርታው የተጀመረው በ1527 ገደማ፣ ማለትም የመመለስ ተስፋ በተቋረጠበት ወቅት መሆኑ በአጋጣሚ አይመስልም። የኦላውስ የራሱ ትዝታ የሰሜኑን ምድር ይሸፍናል፤ እርሱ ያላያቸውን ባሕሮች ደግሞ የሚያውቋቸው በየጊዜው ወደቡ ላይ የሚወርዱት መርከበኞችና ነጋዴዎች ነበሩ።

የዳንሲጉ ቤትና የኢትዮጵያ ጉዳይ

በእነዚህ ዓመታት ወደ ወንድማማቾቹ ቤት ከመጡት እንግዶች አንዱ ዳሚያኦ ደ ጎይሽ የተባለው ወጣት ፖርቱጋላዊ ነው። ጎይሽ በአንትወርፕ የፖርቱጋል ንጉሥ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሲሆን ለንግድ ጉዳይ ወደ ባልቲክ አገሮች ይመላለስ ነበር። ዮሐንስ ማግኑስ ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያኖች የሚያውቀውን እንዲያካፍለው አጥብቆ ጠየቀው። ጎይሽም በእጁ የነበረውን ሰነድ ወደ ላቲን ተርጉሞ ላከለት፤ ሰነዱ እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩትን ደብዳቤና በ1514 ሊዝበን የደረሰው መልእክተኛቸው ማቴዎስ ስለ ኢትዮጵያ እምነት የሰጠውን ቃል የያዘ ነው። ትርጉሙ በ1532 በአንትወርፕ ታተመ።

ለኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ ትኩረት የሚስበው ሌላው ነገር የመጽሐፉ አባሪ ነው። ጎይሽ ከወንድማማቾቹ የሰማውን ስለ ሳሚ ሕዝብ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ከኢትዮጵያው ሰነድ ጋር አያይዞ አሳተመ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሊዝበን ሲመለስ የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ የሆኑትን ጸጋ ዘአብን አገኘ። ጸጋ ዘአብ ከ1527 ጀምሮ በሊዝበን ቆይተው በአገሩ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ብርቱ ምርመራ ደርሶባቸው ነበር። በጎይሽ ጥያቄ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን እምነትና ሥርዓት ጽፈው ሰጡት። ይህ ጽሑፍ በ1540 በሉቨን ሲታተም የሳሚ ሕዝብ አቤቱታም እንደገና አብሮት ወጣ። የአቤቱታው ፍሬ ነገር ሳሚዎች ወደ ክርስትና ሳይመጡ የቀሩት በራሳቸው እምቢተኝነት ሳይሆን፣ ግብር የሚሰበስቡባቸው መኳንንት ክርስቲያን ከሆኑ የሚያስገቡት ግብር ይቀንሳል ብለው ስለከለከሏቸው ነው የሚል ነው።

በዚህ መንገድ የክርስቲያኑ ዓለም ሁለት ዳርቻዎች፣ አንዱ በደቡብ ሌላው በሰሜን፣ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ተገናኙ። ሁለቱ ጉዳዮች ተመሳሳይ አልነበሩም፤ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ ክርስቲያን ሆነው ሳለ የተጠየቁት ስለ ሥርዓታቸው ነበር። ነገር ግን በማግኑስ ወንድማማቾች ዓይን ሁለቱም ሮም ከዳርቻዋ ስላሉት ሕዝቦች ምን ያህል ጥቂት እንደምታውቅ የሚያሳዩ ነበሩ። በዳንሲግ በመሠራት ላይ የነበረውን ካርታ ከዚህ ጥያቄ ነጥሎ ማየት አስቸጋሪ ነው።

ካርታው

በ1537 ፓፓ ጳውሎስ ሣልሳዊ በማንቱዋ ጉባኤ ሲጠራ ወንድማማቾቹ ወደ ጣሊያን ወረዱ። ጉባኤው ወደ ቪቼንዛ ተዛወረ፤ በመጨረሻም ሳይካሄድ ቀረ። ስብሰባ ፍለጋ የመጡት ስደተኞች በቬኒስ በፓትርያርኩ በጂሮላሞ ኩዌሪኒ ቤት ተጠለሉ። ቬኒስ በወቅቱ የአውሮፓ የሕትመት ማዕከል ስለነበረች ከዳንሲግ ይዞት የመጣውን ሥራ ኦላውስ በዚያ ለፍጻሜ አበቃው። ካርታውን ለአስተናጋጁ ለፓትርያርክ ኩዌሪኒና ለከተማይቱ መሪ ለዶጅ ፒዬትሮ ላንዶ መታሰቢያ አደረገው፤ ሌሎች አስመስለው እንዳያትሙትም ከፓፓውና ከቬኒስ ምክር ቤት የባለመብትነት ፈቃድ አገኘ።

የሥራውን መጠን ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበሩትን ካርታዎች ማስታወስ ያስፈልጋል። የበጥሊሞስን የመልክዐ ምድር መጽሐፍ ተከትሎ በ1482 በኡልም የታተመው ካርታ የስካንዲኔቪያን ልሳነ ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አጋድሞ ያሳያል። በ1532 ያዕቆብ ዚግለር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በስትራስቡርግ ያሳተመው ካርታ ምድሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቁሞታል፤ ስለዚህ የዚህ እርማት ቅድሚያ የዚግለር ነው። ይሁንና ዚግለር መረጃውን በሮም ካገኛቸው ሰዎች አንዱ ዮሐንስ ማግኑስ ራሱ ነበር። የዚግለር ካርታ ትንሽና ባዶነት የሚታይበት ሲሆን፣ የኦላውስ ግን በወንዞች፣ በሐይቆች፣ በከተሞችና በደሴቶች ስሞች የተሞላ ነው። የፊንላንድ ምድርና በስዊድንና በፊንላንድ መካከል የሚገባው የቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታወቅ የሚችል መልክ ይዘው ታዩ።

በእያንዳንዱ ሉህ ላይ አንድ የላቲን ፊደል ታላቅ ሆኖ ተቀምጧል፤ በሉሁ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች ደግሞ በትናንሽ ፊደላት ተለይተው በላቲን ማብራሪያ ተሰጥቷቸዋል። ላቲን ለማይችሉ ገዢዎችም ኦላውስ በዚያው ዓመት በጣሊያንኛና በጀርመንኛ ሁለት ትናንሽ የማብራሪያ መጻሕፍት አሳተመ። ሥዕሎቹ አንድን አገር ሙሉ ኑሮ ያሳያሉ። በረዶ ላይ በረጃጅም እንጨቶች የሚንሸራተቱ ቀስተኞች አሉ። ሴት ሬንዲር ታልባለች። ፈረሶች የሚጎትቷቸው ተንሸራታች ጋሪዎች ከበድ ባለው ክረምት የረጋውን ባሕር ይሻገራሉ፤ በዚያው በረዶ ላይ ሠራዊት ተሰልፎ ይታያል። በአይስላንድ እሳት የሚተፉ ተራሮች ይነድዳሉ። አብዝቶ በመብላቱ ሆዱ የተነፋ አንድ የዱር አውሬ ሆዱን ለማቅለል በሁለት ዛፎች መካከል ራሱን ያጣብቃል፤ ይህን የመሰለውን ሥዕል የቬኒስ ሰዎች ሳይስቁ ያዩታል ብሎ መገመት ያዳግታል።

ባሕሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። በኖርዌይ ጠረፍ ቀይ የባሕር እባብ በመርከብ ላይ ተጠምጥሟል። ሁለት መርከበኞች ዓሣ ነባሪን ደሴት መስሏቸው መልሕቃቸውን ጥለው በጀርባው ላይ እሳት ያነድዳሉ። ሌሎች ደግሞ ከሚከተላቸው አውሬ ለማምለጥ በርሜሎችን ወደ ባሕር እየወረወሩ መለከት ይነፋሉ። ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን አንድ ግዙፍ ሸርጣን መሰል ፍጥረት በቆንጥሩ ሰው ይዟል። ከሎፎተን ደሴቶች ዘንድ መርከብ የሚውጥ ታላቅ የውሃ አዙሪት ተሥሏል፤ ይህ አዙሪት ዛሬም ያለ፣ ሞስከንስትራውመን የሚባል የማዕበል ወጀብ ነው፤ ጉልበቱ ግን በካርታው ላይ ከእውነታው እጅግ ገኗል። በአንጻሩ ከጥንት ደራሲያን የተወረሰችው የቱሌ ደሴት እንደ እውነተኛ ምድር ስሟን ይዛ ተቀምጣለች፤ ወደ ዋልታው አጠገብም የኮምፓስን መርፌ የምትስብ የማግኔት ደሴት አለች።

እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ጥያቄ ይነሣል። ትክክለኛ የባሕር ወሽመጥ የነደፈ ሰው የባሕር እባብን እንዴት አብሮ ሳለ? ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አውሬዎቹ ባዶ ቦታ ለመሙላት የገቡ ጌጦች ናቸው የሚል ነው። ለሌሎች የዘመኑ ካርታዎች ይህ ሊሠራ ይችላል፤ ለዚህ ካርታ ግን አይሠራም። ኦላውስ ለአውሬዎቹም እንደ ወንዞቹ ሁሉ መለያ ፊደልና ማብራሪያ ሰጥቷቸዋል፤ በኋላ በጻፈው መጽሐፍም በየምዕራፉ ተመልሶባቸዋል። ለእርሱ ምስክር ምስክር ነው። የዳንሲግ መርከበኛ ስለ ደሴት ርቀት የተናገረውን ከተቀበለ፣ ስለ እባቡ የተናገረውን የሚጥልበት መመዘኛ በእጁ አልነበረም፤ ባሕሩን ሄዶ እንዳያይ ስደቱ ከልክሎታል። ስለዚህ የካርታው ብርታትና ድክመት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

ኦላውስ አንድ ሌላ ዓላማም ነበረው። ለጣሊያን ጳጳሳትና መኳንንት ሰሜኑ በካርታ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ቅዝቃዜና ጨለማ ብቻ ነበር። እንዲህ ላለ አገር ሮም ለምን ትደክማለች? ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ በሚመስል ሉህ ላይ ሰሜኑ ሰፊ፣ ሕዝብ የሰፈረበት፣ ዓሣና አውሬ የሞላበት፣ የብዙ ከተሞች መርከቦች የሚመላለሱበት ምድር ሆኖ ሲታይ ጥያቄው ይለወጣል። የጠፋው ነገር ምን ያህል እንደሆነ በመጠን ይታያል። አቤቱታው የቀረበው በቃል ሳይሆን በስፋት ነው።

አገረ ስብከት የሌለው ሊቀ ጳጳስ

ፖለቲካዊ ውጤት ግን አላመጣም። ወንድማማቾቹ ወደ ሮም ተዛወሩ፤ ዮሐንስ በ1544 በዚያው ሞተ። ፓፓ ጳውሎስ ሣልሳዊ በዚያው ዓመት ኦላውስን የኡፕሳላ ሊቀ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። የሹመቱ ክብር ሙሉ ሲሆን ሥልጣኑ ባዶ ነበር፤ ኡፕሳላ በሉተራውያን እጅ ስለነበረች ኦላውስ በወንበሩ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠም። በታኅሣሥ 1545 የትሬንት ጉባኤ ሲከፈት ከተገኙት አራት ሊቃነ ጳጳሳት አንዱ እርሱ ነበር፤ ስለ ስዊድን የሚናገር ሌላ ጳጳስ አልነበረም።

በሮም የመጨረሻ መኖሪያው በመካከለኛው ዘመን ለስዊድን ነጋድያን የተቋቋመው የቅድስት ብርጊታ ቤት ሆነ። በዚያ ማተሚያ አቋቋመ። በ1554 ወንድሙ ትቶት የሄደውን የስዊድን ነገሥታት ታሪክ አሳተመ፤ በ1555 ደግሞ የራሱን ዋና ሥራ፣ በ22 መጻሕፍት የተከፈለውን የሰሜን ሕዝቦች ታሪክ በላቲን አወጣ። ይህ መጽሐፍ ከካርታው የተወለደ ነው፤ ብዙዎቹ የእንጨት ሥዕሎቹም የካርታውን ትዕይንቶች እያሳደጉ የተቀረጹ ናቸው። ከእነርሱ መካከል በአውሮፓ ስለ በረዶ ብናኞች ቅርጽ ከተሣሉት ሥዕሎች ቀዳሚ ተደርጎ የሚቆጠረው ይገኛል። መጽሐፉ በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ደችና እንግሊዝኛ ሲተረጎም፣ በደራሲው በራሱ ቋንቋ በስዊድንኛ መውጣት የጀመረው በ1909 ነው።

በዚሁ ዘመን በሮም ሌላ ስደተኛ ካህን ተመሳሳይ ሥራ ላይ ነበሩ። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ደብረ ሊባኖስ ከተቃጠለ በኋላ አገራቸውን የለቀቁት አባ ተስፋ ጽዮን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በሚገኘው በኢትዮጵያውያን የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀምጠው፣ በ1548 እና 1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። የረዷቸው ያው ፓፓ ጳውሎስ ሣልሳዊ ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ ከቲቤር ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ ሁለት ስደተኞች ተመልሰው የማያዩዋቸውን አገሮቻቸውን በማተሚያ ቤት በኩል ለአውሮፓ ያስተዋውቁ ነበር ማለት ነው። የአንዱ ሕትመት ቅዱስ መጽሐፍ፣ የሌላው የአገር መግለጫ መሆኑ ልዩነታቸው ነው።

ኦላውስ ነሐሴ 1 ቀን 1557 ሞተ። የተቀበረው ከወንድሙ አጠገብ፣ ከአርባ ዓመት በፊት በበረዶ ምድር እየዞረ ገንዘብ ባሰባሰበለት በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ነው።

የጠፋው ካርታ

ትላልቅ የግድግዳ ካርታዎች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ይቀደዳሉ፣ ይጨሳሉ፣ አዲስ ሲመጣ ይጣላሉ። የኦላውስ ካርታም ከዚህ አላመለጠም። በ1572 አንቶኒዮ ላፍሬሪ በሮም በመዳብ ላይ አሳንሶ ቀርጾ አሳተመው፤ ሰባስቲያን ሙንስተር አውሬዎቹን በታወቀው መጽሐፉ ውስጥ ሰብስቦ አወጣቸው፤ አብርሃም ኦርቴሊየስ በአይስላንድ ካርታው ዙሪያ አሰፈራቸው። የመጀመሪያው ሕትመት ግን ከዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ዱካው ጠፋ፤ ከጊዜ በኋላም ኖሮ ያውቅ እንደሆነ እስከመጠራጠር ተደረሰ። አውሬዎቹ ከካርታው ተነጥለው በየመጽሐፉ መኖራቸው ኦላውስን ተረት አውሪ የሚል ስም አትርፎለታል። ምድሩ ጠፍቶ ጭራቆቹ ብቻ ሲቀሩ ሰው የሚፈርደው በቀረው ነው።

በ1886 ኦስካር ብሬነር የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በሙኒክ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ቅጂ አገኘ። ከዚያ በኋላ ጥናቱ ተነቃቃ፤ የቦታ ስሞች ተመረመሩ፣ የጠረፎቹ ቅርጽ ከዘመናዊ ካርታ ጋር ተነጻጸረ። ከሁሉም ይልቅ ያልተጠበቀው ውጤት የመጣው ግን ከታሪክ ተመራማሪዎች አይደለም። ከአይስላንድ በስተ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ፣ በፋሮ ደሴቶች አቅጣጫ፣ በካርታው ባሕር ላይ የተጠማዘዙ መስመሮች ክምችት አለ። መስመሮቹ በሌላው የባሕር ክፍል ላይ ከተሣሉት ተራ ሞገዶች ይለያሉ፤ ለረጅም ጊዜ ግን የቀራጩ ጌጥ ተደርገው ታልፈዋል። በ2003 ቶማስ ሮስቢና ፒተር ሚለር የተባሉ የውቅያኖስ ተመራማሪዎች እነዚህን መስመሮች የባሕሩን ሙቀት ከሚያሳዩ የሳተላይት ምስሎች ጋር አነጻጸሩ። ከደቡብ የሚመጣው ሞቃታማ የአትላንቲክ ውሃ ከሰሜኑ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር የሚገናኘው በዚያው ስፍራ ሲሆን፣ በድንበሩ ላይ የሚፈጠሩት ታላላቅ አዙሪቶች በቦታም በመጠንም በካርታው ላይ ካሉት ጋር የሚቀራረቡ ሆነው ተገኙ። የተመራማሪዎቹ መደምደሚያ መስመሮቹ በጌጥነት የገቡ አይደሉም የሚል ነው። መረጃው የደረሰው መርከባቸው ከመንገዷ ስትወጣና የውሃው ሁኔታ ሲለወጥ ካዩ መርከበኞች መሆን አለበት። ይህ ከተባለ ደግሞ የባሕር እባቡን ወሬ ለኦላውስ ያደረሱትም እነዚያው ዓይነት ሰዎች መሆናቸውን መርሳት አይገባም። ከአንድ ወደብ የመጡ ሁለት ምስክርነቶች ናቸው፤ አንደኛው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ከ460 ዓመት በላይ ፈጀ።

ሁለተኛው ቅጂ በ1961 በስዊዘርላንድ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገዛው፤ ካርታውም ሠሪው ሊቀ ጳጳሷ ተብሎ ተሾሞ በወንበሩ ላይ ሳይቀመጥባት በሞተው ከተማ ውስጥ ይገኛል።